ከቦታ ቦታ ለሚዘዋወሩ ተማሪዎች የተዛማጅ መረጃ ቋት አነዳደፍ፤ ነገሌ ቦረናንና የደቡብ ቆላ ከተሞችን በምሳሌነት በመውሰድ

የአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት የሚይዛቸው ሰነዶች ጥቂት ናቸው። የምዝገባ ደብተር፣ የስም መጥሪያ፣ ሮስተር፣ የተማሪው ካርድና የመሸኛ ደብዳቤ ዋነኞቹ ናቸው። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሲታዩ ይህ ነው የሚባል ጉድለት የለባቸውም። ጉድለቱ የሚገለጠው በአምስቱ ሰነዶች ተበታትኖ የተጻፈውን የአንድ ልጅ ታሪክ አሰባስቦ ማየት ባስፈለገ ጊዜ፣ ይልቁንም ልጁ ትምህርት የጀመረበትን ትምህርት ቤት ትቶ ወደ ሌላ በሄደ ጊዜ ነው። በደጋው አገር ይህ ዐልፎ ዐልፎ የሚያጋጥም ሲሆን፣ በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋ፣ በሞያሌ፣ በፊልቱና በዶሎ አዶ አካባቢ ባሉ ትምህርት ቤቶች ግን ከኑሮው ሥርዐት ጋር አብሮ የሚኖር ነገር ነው።

የቦረና አርብቶ አደር ዓመቱን የሚከፍለው በዝናብ ነው። ዋናው ዝናብ ጋና ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አነስተኛው ሐገያ ደግሞ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ይጠበቃል። የከብቱም መንጋ እንደዚሁ በሁለት ይከፈላል። የሚታለቡት ላሞችና ጥጆች ከሰፈር ሳይርቁ ሲውሉ ወራ ይባላሉ፤ ደረቆቹና ጠንካሮቹ ሣርና ውሃ ፍለጋ ርቀው ሲሰማሩ ፎራ ይባላሉ። ፎራውን ተከትለው የሚሄዱት ወጣት ወንዶች ናቸው፤ በዕድሜያቸው በመማሪያ ክፍል ውስጥ ሊገኙ የሚገባቸውም እነርሱው ናቸው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ በቀሩበት ድርቅ ጊዜ ደግሞ የተንቀሳቀሰው ፎራው ብቻ አልነበረም። ከብታቸው ያለቀባቸው ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው በዱብሉክና በሌሎች ሥፍራዎች በተቋቋሙ የተፈናቃዮች መጠለያዎች ሰፍረዋል።

እንዲህ ባለ ጊዜ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት በስም መጥሪያው ላይ «አቋረጠ» ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው ትምህርት ቤት፣ ልጁ መሸኛ ይዞ ካልመጣ፣ «አዲስ ገቢ» ብሎ ይመዘግበዋል። አንዱ ልጅ በሁለት መዝገብ ሁለት ሰው ይሆናል፤ የወረዳው አኀዝም በአንድ በኩል አቋራጭን፣ በሌላ በኩል አዲስ ተመዝጋቢን ያበዛል። የአኀዙ መዛባት በራሱ ቀላል ነገር አይደለም። የበለጠ የሚከብደው ግን ሦስተኛ ክፍል ደርሶ የነበረው ልጅ ማስረጃ ስለሌለው እንደገና አንደኛ ክፍል ሊቀመጥ መቻሉ ነው። አርብቶ አደሩ አባት ልጁ የተማረውን ሁለት ዓመት ዳግመኛ ሲማር ካየ በሦስተኛው ዓመት ወደ መንጋው ቢመልሰው አያስገርምም።

ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው እንዲህ ያለውን ልጅ ታሪክ ሳያጠፋ ሊይዝ የሚችል የመረጃ ቋት እንዴት እንደሚነደፍ ነው። ለማብራሪያ የተመረጠው ጃንጎ የተባለው የድረ ገጽ መተግበሪያ መሥሪያ ማዕቀፍ ሲሆን፣ ምክንያቱም በነጻ የሚገኝ፣ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈና የመረጃ ሠንጠረዦችን ዝምድና በግልጽ የሚያስጽፍ መሆኑ ነው።

ሠንጠረዥ፣ ቁልፍና ዝምድና

መዝገብን ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር የሚደረገው ሙከራ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰፊ የኤክሴል ቅጽ ይጀምራል። የተማሪው ስም፣ ከጎኑ የትምህርት ቤቱ ስም፣ ወረዳው፣ ዞኑ፣ ክፍሉና ውጤቱ በአንድ ረድፍ ይደረደራሉ። የትምህርት ቤቱ ስም አምስት መቶ ጊዜ ሲጻፍ አምስት መቶ የመሳሳት ዕድል ይፈጠራል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሲለውጥም የቀድሞው ስም ይጠፋና አዲሱ በቦታው ይተካል። ቅጹ የሚያውቀው ዛሬን ብቻ ነው።

በአይቢኤም ኩባንያ ይሠራ የነበረው የሒሳብ ሰው ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ የተዛማጅ መረጃ ቋትን መሠረት ጣለ። ከዚያ ወዲህ የዳበረው አሠራር በአጭሩ ሲገለጽ፣ እያንዳንዱ ዐይነት ነገር የራሱ ሠንጠረዥ ይኖረዋል፤ እያንዳንዱ ረድፍ ከሌላው የሚለይበት ቁልፍ ይሰጠዋል፤ አንዱ ሠንጠረዥ ስለ ሌላው መናገር ሲያስፈልገው ስሙን ደግሞ በመጻፍ ፈንታ ቁልፉን ብቻ ይጠቅሳል። ይህ የተጠቀሰ ቁልፍ በእንግሊዝኛ አጠራሩ ፎሪን ኪይ የሚባለው ነው፤ በአማርኛ ባዕድ ቁልፍ ቢባል ያስማማል።

ጃንጎ እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ በካንሳስ ክፍለ ግዛት፣ በሎረንስ ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ቤት ውስጥ ተጀምሮ በ2005 ለሕዝብ የተለቀቀ ነው። በጃንጎ ውስጥ አንድ ሠንጠረዥ ሞዴል ተብሎ በፓይተን ይጻፋል፤ ማዕቀፉም ከዚያ በመነሣት ሠንጠረዡን በቋቱ ውስጥ ይፈጥራል። ሞዴሉ ሲለወጥ ማይግሬሽን የሚባለው የለውጥ ፋይል ተዘጋጅቶ ነባሩን ሠንጠረዥ ወደ አዲሱ ቅርጽ ያሸጋግረዋል። ስለሆነም የነዳፊው ዋና ሥራ ኮድ መጻፍ ሳይሆን የትኛው ነገር ራሱን የቻለ ሞዴል እንደሚሆን፣ የትኛው ደግሞ የሌላው ዐምድ ብቻ ሆኖ እንደሚቀር መወሰን ነው። ይህ ውሳኔ ርእሰ መምህሩ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛውና የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሳይጠየቁ በፕሮግራም ጸሐፊ ብቻ ሊሰጥ አይገባውም።

ምዝገባ ራሱን የቻለ ነገር ስለ መሆኑ

ጀማሪ ነዳፊ «ተማሪ» እና «ትምህርት ቤት» የሚሉ ሁለት ሞዴሎች ያቋቁማል፤ በተማሪው ሞዴል ውስጥም ወደ ትምህርት ቤት የሚያመለክት ባዕድ ቁልፍ ያስገባል። አንድ ትምህርት ቤት ብዙ ተማሪዎች አሉት፤ አንድ ተማሪ አንድ ትምህርት ቤት አለው ማለት ነው። በአንድ ቀን ሲታይ ይህ እውነት ነው። በአምስት ዓመት ሲታይ ግን ሐሰት ነው፤ ልጁ በተዛወረ ቁጥር ቁልፉ ስለሚቀየር ቋቱ እንደ ኤክሴሉ ቅጽ የትናንቱን ይረሳል።

የተሻለው መንገድ ዝምድናውን ከብዙ ወደ ብዙ ማድረግ ነው። አንድ ተማሪ በተለያየ ጊዜ ብዙ ትምህርት ቤቶች ይኖሩታል፤ አንድ ትምህርት ቤትም ብዙ ተማሪዎች አሉት። ጃንጎ እንዲህ ያለውን ዝምድና የሚያገናኝ መካከለኛ ሠንጠረዥ በራሱ ሊፈጥር ይችላል። ነገር ግን በራሱ የሚፈጥረው ሠንጠረዥ ሁለት ቁልፎችን ከማጣመር በቀር የሚያውቀው ነገር የለም፤ መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ፣ ለምን ወጣ ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ አይሰጥም። ስለዚህ መካከለኛው ሠንጠረዥ «ምዝገባ» ተብሎ በነዳፊው እጅ መጻፍ ይኖርበታል። ጃንጎም «ስሩ» በሚባለው ቃል አማካይነት ተማሪና ትምህርት ቤት በዚህ ሞዴል በኩል እንዲገናኙ ማዘዝን ይፈቅዳል። ምዝገባ የተማሪም ጠባይ አይደለም፤ የትምህርት ቤትም ጠባይ አይደለም፤ በሁለቱ መካከል በአንድ ወቅት የተፈጸመ ነገር ነው። በውስጡ ወደ ተማሪው፣ ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ ትምህርት ዘመኑ የሚያመለክቱ ሦስት ባዕድ ቁልፎች፣ ከዚህም ሌላ ክፍሉ፣ የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀንና የወጣበት ምክንያት ይጻፋሉ።

የወጣበት ምክንያት የሚለው ዐምድ ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። «አቋረጠ» የሚለው ቃል ብቻ ከቀረበ ሠራተኛው ሌላ የሚመርጠው የለውም። «በመሸኛ ተዛወረ»፣ «ከመንጋ ጋር ሄደ፣ ይመለሳል»፣ «በድርቅ ተፈናቀለ»፣ «አልታወቀም» የሚሉ ምርጫዎች ቢኖሩ ግን መዝገቡ በአካባቢው የሚሆነውን ሊናገር ይችላል። በጋና ዝናብ የሚመለስ ልጅ አቋራጭ አይደለም።

ውጤትም ከተማሪው ጋር ሳይሆን ከምዝገባው ጋር መዛመድ አለበት። አንድ የሒሳብ ውጤት በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ዘመን የተገኘ ነውና። በዚህ ቦታ የሥርዐተ ትምህርት ባለሙያ የሚያነሣው ጥያቄም አለ። በኦሮሚያ ክልል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሌ ክልል በሶማሊኛ ይሰጣል። ከፊልቱ ወደ ነገሌ የመጣ ልጅ «የአፍ መፍቻ ቋንቋ» በሚለው ረድፍ ያለው ማርክ በሁለቱ ቦታ የአንድ ትምህርት ማርክ አይደለም። ስለሆነም «የትምህርት ዐይነት» የሚለው ሞዴል በስም ብቻ ሳይቆም ወደ ክልሉ ሥርዐተ ትምህርት የሚያመለክት ቁልፍ ሊኖረው ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው የገደብ ጉዳይ ነው። ነዳፊዎች መዝገብ እንዳይደጋገም በመፍራት «አንድ ተማሪ በአንድ የትምህርት ዘመን አንድ ምዝገባ ብቻ ይኖረዋል» የሚል ገደብ ይጥላሉ። በከተማ ትምህርት ቤት ይህ ገደብ ብዙም ላያስቸግር ይችላል። በቆላው ግን አንድ ልጅ በመስከረም ሜጋ፣ በጥር ዱብሉክ ሊማር ይችላል፤ ገደቡም ሠራተኛውን ሐሰት እንዲጽፍ ያስገድደዋል፤ ወይ የመጀመሪያውን ምዝገባ ያጠፋል፣ ወይ ለልጁ ሌላ ስም ይፈጥርለታል። ትክክለኛው ገደብ «አንድ ተማሪ የወጣበት ቀን ያልተጻፈለት ምዝገባ ከአንድ በላይ አይኖረውም» የሚለው ነው። ከጃንጎ 2.2፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ፣ እንዲህ ያለ ቅድመ ሁኔታ ያለበት የልዩነት ገደብ በሞዴሉ ውስጥ መጻፍ ይቻላል። በፖስትግሬስና በኤስኪውላይት ቋቶች ይሠራል፤ በማይኤስኪውኤል ግን አይሠራምና ቋቱን የሚመርጠው ሰው ይህን አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ይሁን እንጂ ገደቡ ብቻውን ልጁን ከትምህርት ቤት በር ሊመልሰው ይችላል። የሜጋው ሠራተኛ ልጁ መውጣቱን ካልመዘገበ፣ የዱብሉኩ ሠራተኛ አዲስ ምዝገባ ሲከፍት ኮምፒውተሩ እንቢ ይለዋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ አዲሱን ከመክፈቱ በፊት የቀድሞውን በዚያው ቀን፣ «አልታወቀም» በሚል ምክንያት እንዲዘጋውና ለሜጋው ርእሰ መምህር ማስታወቂያ እንዲልክ መደረግ ይኖርበታል። መዝጋቱና መክፈቱ እንደ አንድ ሥራ ሊቆጠሩ ይገባል፤ መካከል ላይ መብራት ቢጠፋ ሁለቱም እንዳልተደረጉ ይሆናሉ እንጂ ልጁ ተዘግቶ ሳይከፈትለት አይቀርም። ጃንጎ ይህን የሚያደርግበት አቶሚክ የሚባል መሣሪያ አለው። በቆላው ከተሞች መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲቋረጥ ላየ ሰው መሣሪያው ቅንጦት አይመስለውም።

የሚሰረዝና የማይሰረዝ

በባዕድ ቁልፍ አጻጻፍ ውስጥ በአንድ ቃል የሚወሰን፣ ዳሩ ግን ከሁሉ ይበልጥ አደገኛ የሆነ ትእዛዝ አለ። ቁልፉ የሚያመለክተው ረድፍ ቢሰረዝ ምን ይደረግ የሚለው ነው። ካስኬድ የተባለው ትእዛዝ በዚያ ረድፍ ላይ የተመረኮዙትን ሁሉ አብሮ ይሰርዛል። ፕሮቴክት የተባለው የተመረኮዘ ነገር እስካለ ድረስ ስረዛውን ይከለክላል። ሴት ነል የተባለው ደግሞ የተመረኮዘውን ረድፍ አስቀርቶ ቁልፉን ባዶ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ከወጣው ጃንጎ 2.0 በፊት ነዳፊው ዝም ካለ ካስኬድ እንዳዘዘ ይቆጠርበት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከሦስቱ ወይም ከሌሎቹ አማራጮች አንዱን በግልጽ ሳይጽፍ ማለፍ አይችልም። ለውጡ ጥሩ ነው። ነገር ግን በማሠልጠኛ ምሳሌዎች ሁሉ ካስኬድ ተጽፎ ስለሚታይ ብዙዎች ሳያስቡበት ይገለብጡታል።

ለምሳሌ አንድ የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያ ውሃው ደርቆ ሕዝቡ ስለተነሣ ተዘጋ እንበል። የወረዳው ሠራተኛ ዝርዝሩን ለማጥራት የጣቢያውን ስም ይሰርዛል። በምዝገባ ሞዴል ውስጥ ካስኬድ ተጽፎ ከነበረ በጣቢያው የተደረጉ ምዝገባዎች በሙሉ ይጠፋሉ፤ በውጤት ሞዴል ውስጥም እንደዚሁ ከሆነ ማርኮቹ ይከተላሉ። ተማሪዎቹ በስማቸው ይቀራሉ፤ የተማሩት ግን የለም። ይህ የሚደረገው በአንድ ጠቅታ ነው፤ ቃጠሎ ወይም ምስጥ እንኳ የምዝገባ ደብተርን እንዲህ ፈጥኖ አያጠፋም።

እንግዲህ ከምዝገባ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከምዝገባ ወደ ተማሪና ከውጤት ወደ ምዝገባ የሚሄዱት ቁልፎች ሁሉ ፕሮቴክት ሊሆኑ ይገባል። የተዘጋ ትምህርት ቤት አይሰረዝም፤ «የተዘጋበት ቀን» የሚል ዐምድ ይሞላለታል። ከዓመት በኋላ ዝናብ ጥሎ ሕዝቡ ቢመለስ ደግሞ ያው ጣቢያ እንደገና ይከፈታል። ሴት ነል የሚስማማበት ቦታም አለ። ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ማዕከል ሥር ይደራጃሉ፤ ማዕከሉ ራሱ ትምህርት ቤት በመሆኑ የትምህርት ቤት ሞዴል ወደ ራሱ የሚያመለክት ቁልፍ ይኖረዋል። ማዕከሉ ቢቀየር አባል ትምህርት ቤቶቹ ለጊዜው ማዕከል የለሽ ሆነው ቢቆዩ ጉዳት የለውም።

ስምና አስተዳደር

ስም መለያ ሊሆን አይችልም። ይህ በከተሞቹ ስም እንኳ ይታያል። ነገሌ ቢባል የቦረናዋም፣ የአርሲዋም ናት። ሊበን ቢባል በኦሮሚያ ክልል በነገሌ ዙሪያ ያለ ወረዳ፣ በሶማሌ ክልል ደግሞ ፊልቱና ዶሎ አዶ የሚገኙበት ዞን ነው። የቀድሞው ሀገረ ማርያም ዛሬ ቡሌ ሆራ ይባላል። ሞያሌ በኢትዮጵያ በኩል የኦሮሚያም የሶማሌም አስተዳደር ያለባት፣ ከድንበሩ ማዶም በኬንያ ስመ ሞክሼ ያላት ከተማ ናት።

በሰው ስም ላይ ችግሩ ይብሳል። ኮምፒውተር ኃይሉንና ሀይሉን ሁለት ስም አድርጎ ያያል፤ እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ኮድ አለውና። አብዲ የሚለው ስም በቁቤ ሲጻፍ የሚነሣበት ፊደልና በሶማሊኛ አጻጻፍ የሚነሣበት ፊደል የተለያዩ ናቸው፤ በሶማሊኛ ለዐይኑ ድምፅ የሚቆመው የላቲን ፊደል በቁቤ ጨ ተብሎ ይነበባል። ሁለቱ ጸሐፊዎች እያንዳንዳቸው ትክክል ጽፈው ልጁን ሁለት ያደርጉታል። ስለዚህ የተማሪው ቁልፍ ትርጉም የሌለው ተራ ቁጥር መሆን አለበት። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያ፣ በተለምዶ ፋይዳ የሚባለው፣ ላላቸው ልጆች በአንድ ዐምድ ቢያዝ ጠቃሚ ነው፤ የግዴታ ቁልፍ ከተደረገ ግን ቁጥር የሌለውን ልጅ ከመዝገብ ያስወጣዋል።

የአስተዳደር ወሰንም እንደ ተማሪው ይዘዋወራል። ነገሌ ቦረና በሲዳሞ ክፍለ ሀገር በቦረና አውራጃ፣ ኋላም በቦረና ዞን፣ ከዚያ በጉጂ ዞን ሥር ነበረች። በ2015 ዓ.ም. ከጉጂ፣ ከቦረናና ከባሌ ዞኖች በተወሰዱ ወረዳዎች ምሥራቅ ቦረና ዞን ሲቋቋም የዚያ ዞን ዋና ከተማ ተባለች፤ ውሳኔው በአካባቢው ተቃውሞ እንዳስነሣ ይታወሳል። የመረጃ ቋት ነዳፊ በዚህ ክርክር ውስጥ የሚሰጠው ፍርድ የለውም፤ ያለበት ግዴታ ያለፈውን ሪፖርት አለመለወጥ ነው። በወረዳው ሞዴል ውስጥ ወደ ዞን የሚያመለክት አንድ ቁልፍ ብቻ ካለ፣ ቁልፉ በ2015 ዓ.ም. በተቀየረ ዕለት የ2012 ዓ.ም. ተማሪዎችም ያኔ ባልነበረ ዞን ሥር ይቆጠራሉ። መድኀኒቱ ለልጁ የተደረገው ነው፤ በወረዳና በዞን መካከል «ከመቼ ጀምሮ፣ እስከ መቼ» የሚሉ ሁለት ቀኖች ያሉት መካከለኛ ሞዴል ይቀመጣል።

ስለ ቀን ጥቂት ማስታወስ ያስፈልጋል። የጃንጎ የቀን ዐምድ የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን ዐሥራ ሁለት ወር ነው። የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ በቁጥር የሚያስገባ ሰው ጳጉሜን ጨርሶ ማስገባት አይችልም፤ ጥቅምት ሁለተኛ ወር በመሆኑ ጥቅምት 30 እንደ ፌብሩዋሪ 30 ተቆጥሮ ይመለስበታል፤ ሌሎቹ ግን በዝምታ ተሳስተው ያልፋሉ። ስለዚህ በቋቱ ውስጥ የአውሮፓው ቀን ይቀመጥ፤ በገጹ ላይ ተለውጦ በኢትዮጵያ ይታይ። የትምህርት ዘመን ግን ከቀን ተሰልቶ የሚገኝ ሳይሆን የራሱ ሞዴል ይሁን።

ሞዴሎች ሲለያዩ ገጹ እንዳይዘገይ መጠንቀቅም ይገባል። የስድሳ ተማሪዎችን ዝርዝር ከየትምህርት ቤታቸው ስም ጋር ለማሳየት ያልተጠነቀቀ ፕሮግራም አንዴ ለዝርዝሩ፣ ስድሳ ጊዜ ደግሞ ለየስሙ ቋቱን ይጠይቃል። ሴሌክት ሪሌትድ የተባለው ትእዛዝ ስድሳ አንዱን ጥያቄ አንድ ያደርገዋል።

መሸኛ ሳይዝ የመጣ ልጅ

ይህ ሁሉ የሚሠራው የልጁ ቁጥር ከልጁ ጋር ሲሄድ ነው። ቁጥሩ በካርዱና በመሸኛው ላይ መጻፍ አለበት፤ አለበለዚያ ሁለተኛው ትምህርት ቤት ቋቱ ውስጥ ያለውን ታሪክ ሊያገኘው አይችልም። ባዶ እጁን ለመጣ ልጅ ሠራተኛው በራሱ፣ በአባቱ፣ በአያቱና በእናቱ ስም፣ በግምት ዕድሜውና አስቀድሞ በተማረበት ቀበሌ ይፈልገዋል፤ ፕሮግራሙም የሚቀራረቡትን ስሞች ያሳየዋል እንጂ ራሱ አይወስንም። ልጁ ካልተገኘ ሳይጉላላ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። ኋላ ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ ልጅ መሆናቸው ሲታወቅ አንደኛው አይሰረዝም፤ በተማሪው ሞዴል ውስጥ «ይህ ቁጥር የዚያ ነው» የሚል ወደ ራሱ የሚያመለክት ቁልፍ ተሞልቶ የቀድሞዎቹ ምዝገባዎች በአንድ ገጽ ይታያሉ። ይህን የማዋሐድ ሥልጣን ለአንድ ሠራተኛ ብቻ መስጠት ስሕተትን ይጋብዛል። የለቀቀውና የተቀበለው ትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን ሁለቱም ሲያጸድቁት ብቻ እንዲፈጸም ማድረግ ይቻላል፤ ለዚህም የጸደቀበት ቀንና ያጸደቁት ሁለት ሰዎች የሚመዘገቡበት አንድ ተጨማሪ ሞዴል ይበቃል።